የጣሀ ጉድጓድ

ጣሀ ሚዛን የማይሰርቅ ሥጋ ሻጭ ነበር። አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ሆና በየጊዜው ቢሮ ሲከፈት ሥጋ ፈላጊው በዛ፤ ሌሎቹ ያገኙትን ሁሉ ሰቅለው ይሸጡ ነበር። እሱ ግን ውሃ የቋጠረ ጉበት ካጋጠመው ሚዛን ላይ አያወጣውም። ነጩን ፊኛ በቢላው ጫፍ ነካ ያደርግና ለሰው መሸጡ ሐራም፣ መጣሉ ደግሞ ኃጢአት ነው ብሎ ለውሻው ይወረውርለታል።

ውሻው ቀይ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ነበር። ቀን ቀን የሚተኛው የጣሀ ሚስት ዐዋጢፍ ጓሮ በተከለችው ባምያ ሥር ነው፤ አፈሩ ይቀዘቅዛል። እሷም እዚያው ተንበርክካ በእጇ ታርማለች፤ ለጋውን ባምያ ቀጥፋ ሳታጥብ ታኝካለች።

ጎረቤቴ ነበረች። መጀመሪያ ወገቧን አመማት። ቀጥሎ ቀኝ እግሯ ደነዘዘ። አንድ ቀን የግራ ጫማዋን ብቻ አድርጋ ገበያ ደረሰች፤ የቀኙ መንገድ ላይ ሲወልቅ አልታወቃትም። ሴቶቹ ሳቁባት። አማቷ ጀርባዋን ሰባት ቦታ በጋለ ብረት አስተኮሰቻት። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ዳምጠው የሚባል ከደጋ የተመደበ ሐኪም ራጇን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና የአከርካሪ ነቀርሳ፣ ቲቢ ነው አለ። ያን ጊዜ አከርካሪው የታመመ ሁሉ ነቀርሳ ነበር።

ስምንት ወር መድኃኒት ወሰደች። ስትጀምር በምርኩዝ ትሄድ ነበር፤ ስትጨርስ ጣሀ አዝሏት ገባ። ሐኪሙ ኪኒኑን ሳትውጪ ቀርተሽ ነው ብሎ ተቆጣት። የኪኒኖቹን ባዶ ወረቀት ሁሉ በመሐረብ ቋጥራ አስቀምጣ ነበርና ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት። ቀና ብሎ ሳያያት ወደ አዲስ አበባ ላካት።

ጣሀ ሲወስዳት፣ እንዳጥባት እኔም አብሬ ሄድኩ። አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ከወገቧ በላይ ትጮኻለች፤ እግሮቿ ግን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ይወዛወዛሉ። በአከርካሪዋ ቀለም ወግተው ራጅ አነሷት፤ ቀለሙ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀደዷት። በኃይሉ የተባለው ቀዶ ሐኪም ያወጣውን በብልቃጥ አመጣልን። የወይን ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ፊኛዎች ነበሩ።

ጣሀ ብልቃጡን ትንሽ አገላበጠው። «ይሄ እኔ አውቃለሁ» አለ። «ጉበት ላይ አለ።»

ሐኪሙ ውሻ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ፊኛው የትል ማደሪያ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ጉበት የበላ ውሻ የትሉን እንቁላል በኩሱ አፈር ላይ እንደሚጥል፣ በእጅና በቅጠል ወደ አፍ እንደሚገባ፣ አከርካሪ ውስጥ ግን ፊኛው እምብዛም እንደማይገኝ አስረዳን። የሚቻለውን አውጥቷል፤ አጥንቱ ውስጥ የቀረው ይመለሳል። ከዓመት በፊት ብትመጣ በእግሯ ትሄድ ነበር አለ። ጣሀ ይህን በበርታኛ ሲነግራት የውሻውን ነገር ዘለለው።

አገራችን እንደገባን ውሻውን ገደለው። እኔ ምክንያቱን የነገርኩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር። በሳምንቱ ገበያው ሁሉ «ጉበቱን ለውሻ፣ ሚስቱንም ለውሻ» ይል ጀመር። ዐዋጢፍም ሰማች።

አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲያ በታረደ ቁጥር አልጋዋን ጓሮ ታስወጣለች። ጣሀ ውሃ የቋጠረውን ጉበት አምጥቶ ያሳያትና ሊቀብረው ባምያው በነበረበት ይቆፍራል።

«ጠልቋል?» ትለዋለች።

«ጠልቋል።»

«ግባ።»

ይገባል። የጉድጓዱ አፍ ደረቱ ካልደረሰ ውጣና ቆፍር ትለዋለች። ክረምት ሲሆን ውሃ ውስጥ ታቆመዋለች። ጎረቤት ለምኗታል፤ እኔም ለምኛታለሁ። «እሱ እግር አለው» አለችኝ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ፊኛው ተመልሶ አደገ፤ መጨረሻ ላይ ከመተኛት ብዛት ያወጣችው ቁስል ገደላት። መቃብሯን ሌሎች ቆፈሩላት። ሊያወርዷት ሲሉ ጣሀ ቀድሞ ገባና ቆመ። አፈሩን በደረቱ ለካው፤ አልደረሰም። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አካፋ ስጡኝ አለ።