ባዶዋ ሳጥን በግ እስክትሆን

ማለዳ፣ ጎንደር ፒያሳ

ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ጋቢና ከፒያሳ ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጠችው የሰፈሬ ልጅ ዘይነባ ናት፤ አባቷ በግና ፍየል ነጋዴ፣ እሷ ድረ ገጽ ሠሪ። ለአባቷ በሠራችው ገጽ ላይ የሚፈለገው እንስሳ በኢሞጂ፣ በጽሑፍ መሃል በምትገባ ትንሽ ሥዕል፣ ይለጠፋል። መካነ ብርሃን ያሉት ደንበኛቸው አያ ሞላ ፊደል ስላልቆጠሩ ሥዕሉን ለጎረቤት እያሳዩ እንስሳውን ያሰባስባሉ። ችግሩ፣ በእሳቸው አሮጌ ስልክ በጉም ፍየሉም ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ባለፈው በግ ተፈልጎ ፍየል ጭነው ላኩ። «ካልታየኝ ለሌላ ነጋዴ እሸጣለሁ» ብለዋል። አረፋ ደግሞ ደርሷል፤ ገጹን አስተካክላ በስልካቸው ልታሳያቸው፣ በጉንም ልንጭን ነው የምንሄደው።

«ደውለሽ አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«እሳቸውስ ይሰማሉ፤ ጎረቤቱ ግን ካላየ አያምንም።»

ለአንዲት ሥዕል ተራራ ይወጣል ብዬ አሾፍኩባት።

ረፋድ፣ ዳባት

ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፤ ምላሴን ፈጀኝ። ዘይነባ ኮምፒውተሯን ከሳህኑ አጠገብ ዘርግታ ትሠራለች። የጻፈቻት አንዲት አጭር ትእዛዝ የገጹን ጽሑፍ ታስሳለች፤ ኢሞጂ ስታገኝ አንስታ በቦታው ምስል ትተካለች። ኢሞጂ የማያውቅ ስልክም ምስል ማሳየት አያቅተውም። እኔ ሽሮዬን ሳልጨርስ እሷ ሥራዋን ጨረሰች። አደነቅኳት፣ ምን ይደበቃል።

ከሰዓት፣ ከደባርቅ ወዲያ

ጠጠር፣ አቧራ፣ ገደል። ቧሂት ተራራ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «ጋቢ ሳይዙ እዚህ ይመጣል?» ይለኛል ሾፌሩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሳራቸውን እየነጩ ቀና ብለውም አላዩንም። እኔ በየመታጠፊያው ማርያም ማርያም ስል ዘይነባ ተኝታለች።

አመሻሽ፣ መካነ ብርሃን

አያ ሞላ ስልካቸውን አወጡ። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለሆነ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወረደ፤ መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ነጭ ጥቅልል ጠጉር። ላጨበጭብ ስል አያ ሞላ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ምነው ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«በግ ነው፣ አያ ሞላ።»

«ላቱ የታለ? እንዲህ ያለ በግ በኛ አገር የለም። ጎረቤቴ ደመና ነው ይለኛል።»

አለቀልን አልኩ በልቤ። ዘይነባ ግን ሳቀች። «ኢሞጂው ሌላ ሰው የሠራው ነው፤ ምስሉ ግን የኔ ነው፤ የፈለግሁትን አስገባለሁ» ብላ ወደ በረቱ ሄደች። የአያ ሞላን ቀንዳም ቀይ በግ ፎቶ አነሳች፣ አሳነሰች፣ በነጩ በግ ቦታ ተካችው።

አያ ሞላ ገጹን እንደገና ከፈቱ። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት።

«አሁን ሸጋ ነው» አሉ። «ይሄን ማንም አይስተውም።»

በማግስቱ፣ ወደ ጎንደር

ጎረቤቱ ሁሉ ሥዕሉን አይቶ በግ እየጎተተ መጣ። ፍየል የያዘ አንድም ሰው አላየሁም። መኪናው ሊሞላ አንድ በግ ሲቀረው ሾፌሩ ቀንዳሙን ቀይ በግ መጎተት ጀመረ። አያ ሞላ ሮጠው ቀንዱን ያዙ።

«እሱ ይቅር» አሉ። «ሥራ ላይ ነው።»