በስሜ ያስጻፍኩት የሐዋ ሕመም

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የእስር ቤቱን ንገሪን» ብለው ወጥረው ያዙኝ። ይሄን ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ከነፍስ አባቴም ደብቄያለሁ። ፊደል አልቆጠርኩምና እኔ እናገራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች። እጇ ሲያመነታ አያለሁ። ጻፊ፣ እንዳታለሳልሺው ብያታለሁ።

በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ አገር የመጣሁ ነኝ። ባምባሲ፣ መንጌ፣ ከገበያ ገበያ ቅመም ይዤ ስዞር እግሬ ቤት አያውቅም ነበር። የተሰረቀ ፍየል ገዝተሻል ተብዬ አሶሳ አጠገብ ታሰርኩ። ሴቶቹ በአንድ ክፍል እንደ ማገዶ ተደርድረን ነው የምንተኛው፤ አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። ከጎኔ ሐዋ የምትባል የመንጌ ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ገና ነውና እናቷን የማህለውን እኔን «አንተ» ትለኛለች። ሌት ተቀን ታስላለች።

አንድ ቀን ሐኪም መጣና ለአክታ ምርመራ ስማችን የተለጠፈበት ብልቃጥ አደለን። ቲቢ የተገኘባት መስኮት ያለው ክፍል ትገባለች፣ ፍራሽ ታገኛለች፣ እንቁላልና ወተት ይመጣላታል ተባለ። እኔ ጤነኛ ነበርኩ። ግን መስኮቱ አማረኝ። ለመስኮት ተብሎ ይሄ ይደረጋል? እኔ አደረግኩት።

ሐዋን ጥግ ወስጄ «ካገኙብሽ ለብቻሽ ይዘጉብሻል፤ እናትሽም አትጠይቅሽም» አልኳት። ዋሸኋት። ፈራች። ጠዋት በኔ ብልቃጥ እሷ ተፋች፣ በሷ እኔ ተፋሁ።

«እማማ፣ የኔ አክታ ማር ነው እንዴ? አንተ ይፈልጋል? ውሰድ!» ብላ ሳቀች። ሳቁን ሳል ቆረጠው።

ቲቢው በስሜ ተገኘና መስኮቱ ሥር ተኛሁ። እንቁላሏን በላሁ። ኪኒኗን ዋጥኩ፤ ኪኒኑ ሽንቴን እንደ ቀይ ሥር ሲያቀላውም መዋጡን አልተውኩም። ሐኪሙ ፊቴ በቆመ ቁጥር መናገር እችል ነበር። ምን ያዘኝ? ማንም አልያዘኝም፤ እኔው ነኝ። እሷ እዚያው እያሳለች ቆይታ ተፈታች፤ ስትወጣ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት፤ ብልቃጡን በቀየርኩበት በዚያው እጄ።

አላወቅኩም አልልም። ሳሏ ጆሮዬ ሥር ነበር። ይቅር በሉኝ ለማለትም አፌ አይደፍርም።

ከብዙ ዓመት በኋላ መንጌ ገበያ እህቷን አገኘሁ። ሐዋ በተፈታች በዓመቷ ሞታለች። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

«ሳል ሲብስ እኛ ጤና ጣቢያ እንሂድ አልን» አለችኝ፤ አማርኛዋ እንደ ሐዋ ነው። «እናታችን ግን ከእስር ቤት የመጣ ወረቀት አወጣ። ሐዋ ተመርምሯል፣ ቲቢ የለበትም ይላል። ወረቀቱን አመንን፤ ቤት ቀረን።»