ጳጉሜን እምቢ ያለው ኮምፒውተራችን

ባለፈው ሳምንት ረፋድ ላይ... የምሠራበት የአምቦ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ቁጭ ብያለሁ። ጫልቱ የምትባል አራስ ልጇን ታቅፋ መጣች። እኛው ጋ ነው የወለደችው። ወደ አገሯ ወደ ካቺሲ ልትመለስ ስለሆነ የልጁን የልደት ማስረጃ ፈልጋለች።

«መቼ ወለድሽ የኔ እናት?»

«ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል!»

ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ደገምኩ... እምቢ! ለካ በቅርቡ ያስገባነው ሲስተም አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ወረቀቱ ደግሞ ከሱ ካልወጣ አይታተምም።

እኔም ብልጥ መሆኔ ነው... «መስከረም አንድ ላድርግልሽ? እንቁጣጣሽ ነው፣ ያምራል!» አልኳት።

«አዴ! ስንት ዓመት መካን ስባል ኖሬ፣ ለሩፋኤል ተስዬ ያገኘሁት ልጅ ነው። ቀኑን ልትቀሚኝ ነው? የካቺሲው መኪና ትቶኝ ይሂድ፣ እዚሁ አድራለሁ!»

ኧረ ጉድ! ሲስተሙን ለዘረጋችልን ለነኢማ ደወልኩ። የሰፈራችን የጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ልጅ ናት። ላፕቶፗን ይዛ ከች አለች።

«እትዬ፣ መዝገቡን ለሚይዘው ለዳታቤዙ ጳጉሜን የሚያሳውቅ ሞጁል፣ ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ሠርቼለት ነበር፣ አሁን ልጫነው» አለችኝ። ጫነችው... ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ይቆጣ ጀመር።

«ደግሞ ምን አለሽ?»

«በኔ ላፕቶፕ ልክ ነው የሰፋሁት፣ የኔ ዳታቤዝ አዲሱ እትም ነው፣ የናንተ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ የጫንኩበት የቀድሞውን ነው። በናንተው ማሽን ላይ እንደ አዲስ ልሥራው።»

ጀመረች። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ይሮጣል... እኔ መብራት እንዳይጠፋ እለምናለሁ። ጫልቱ ልጇን እያባበለች በበሩ ወደ መናኸሪያው ታያለች። ካርድ የሚጠብቁት ሁሉ ወረፋቸውን ትተው መስኮቴን ከበቡ። «ገባ? ገባ?» ይላሉ፣ ኳስ የሚያዩ ነው የሚመስሉት!

«እስኪ አሁን ይሞክሩት» አለችኝ ነኢማ።

አሥራ ሦስተኛ ወር... ቀን ሦስት... ተቀበለ!! እልልታውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም።

ጫልቱ የነኢማን ግንባር ሳመች። «ገለቶማ እህቴ፣ ሩፋኤል ውለታሽን ይክፈል!»

«አሚን!» አለች ነኢማ እየሳቀች። ጫልቱም ወረቀቷን ይዛ መኪናው ሳይሄድ ደረሰች።

ማህፀን መፍታት የሩፋኤል ነው... ኮምፒውተር መፍታቱን ግን ለነኢማችን ሰጥቷታል፣ ተመስገን!