ከባሕር ዛፉ ሥር የቀሩት ዱላዎች

ከጠዋቱ 12፡00፣ ደብረ ማርቆስ

ሰኔ ነው። ሲያካፋ አድሮ መናኸሪያው ጭቃ ሆኗል። የተከራየሁትን ሚኒባስ የሚነዳው ጌታሁን መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላል። እኔ ቆሜ ቦንቦሊኖ በሻይ እበላለሁ። የጉዞዬ ምክንያት ቀላል ነው፤ በቁይ ከተማ አቅጣጫ ባሉ ቀበሌዎች ማዳበሪያ እንዴት እንደሚከፋፈል አይቼ ልጽፍ።

«ከቀትር በኋላ ሳይዘንብ ብንመለስ ነው የሚሻለው ጋሼ» አለኝ። «ያ መንገድ ከረጠበ ሳሙና ነው።»

ረፋድ 3፡30፣ መንገድ ላይ

ከአስፋልቱ ተገንጥለናል። ጥቁር የታረሰ መሬት፣ የተቆለለ አጣና፣ ሸራ የለበሰ አይሱዙ፣ አህዮች። ገበሬው አራት አምስት ጊዜ አርሶ ጨርሷል፤ የቀረው ማዳበሪያው ነው። ባለፍንባቸው ቀበሌዎች ሁሉ ያየነው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ የብሎክ መጋዘን፣ አንድ መስኮት፣ ረጅም ሰልፍ።

5፡00፣ ከቁይ ወዲህ ያለች አንዲት ቀበሌ

እዚህ ወረድን። ሰልፉ ከመጋዘኑ መስኮት ይነሣና በአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር አልፎ ሜዳው ላይ ይዘረጋል። ሰው እንዳይጋፋ ተብሎ ከመስኮቱ ብረት እስከ ዛፉ ግንድ የእሾህ ሽቦ ተወጥሯል። ሰዉ ሲደክመው እሾህ የሌለበትን እየፈለገ ይደገፈዋል። ሽቦውን እያየሁ ማስታወሻዬ ላይ «ዛፉን መብረቅ ቢመታው ሽቦው ለሰልፉ ሁሉ ያደርሰዋል» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አራተኛዋ ባለ ወረፋ የኔነሽ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ጥማድ መሬት ለጤፍ ያዘጋጀች ሴት ናት። ከትናንት ጀምሮ ቆማለች። የያዘችው ዱላ ለቁመቷ ረዝሟል፤ የባሏ ነበር። አምና በሰኔ ከገበያ ሲመለስ ዝናብ ሲመጣበት ዛፍ ሥር ተጠልሎ መብረቅ መታው።

«እሳቱ ገላው ውስጥ አለ ብለው ማንም አልነካውም» አለችኝ። «እኔ ስደርስ ከበውት ቆመዋል።»

ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም እናደዳለሁ። መብረቅ በመታው ሰው ገላ ውስጥ የሚቀር እሳት የለም። መንካት አይጎዳም። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያው ደረቱን በሁለት እጅ መጫን፣ ሲደክም እየተፈራረቁ መጫን፣ እርዳታ እስኪደርስ አለማቆም ነው። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። እኔ ስነግራት ደግሞ ዓመት አልፎታል።

7፡50

ደመናው ከዓባይ በኩል መጣ። ብልጭ ሲል ሰዓቴን ያዝኩ፤ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሃያ አራት ሰከንድ። ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከሠላሳ በታች ከሆነ ሰው ግድግዳና ጣሪያ ወዳለው ቤት መግባት አለበት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ሰማዩን አየ፤ ሁሉም ተመልሶ መስኮቱን አየ።

እዚህ አገር ለዚህ መፍትሔ ነበር። ገበሬ ወረፋ ይዞ መሄድ ሲኖርበት ዱላውን በቦታው ተክሎ ይሄዳል፤ የማን ዱላ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዘንድሮ ማዳበሪያውን በመስኮቱ የሚያድለው መዝጋቢ ይህን ከልክሏል። ምክንያቱን ጠየቅሁት። በመስኮቱ እንደተደገፈ ነገረኝ፦ «አምና አርባ ዱላ ቆሞ ሰው ግን ስምንት ነበር። አንዱን ለአጎቱ፣ አንዱን ለአማቹ እያለ ይደረድራል። እኔ የምመዘግበው ሰው ነው።»

ገበሬዎቹን ጠየቅኩ፤ አልካዱም። ይህንን ጻፍኩ። ከዚያ መጋዘኑን እንዲከፍትላቸው ለመንኩት። ንብረት ያለበት ቤት ሰው አይገባም አለ። ግማሹ ባዶ መሆኑን በመስኮቱ እያየሁ ነው አልኩት።

«ባዶውም ቁልፍ አለው» አለኝ።

ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ድምፄን ከፍ አላደርግም። ያን ቀን ግን መጻፌን ትቼ ብዕሬን ኪሴ ከተትኩ።

ብልጭ። አሥራ ሁለት ሰከንድ።

ከፊት የቆሙት ሽማግሌ፣ አያ አበጀ፣ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ዱላውን እኛ እናውቀዋለን። ባለቤት የሌለው ዱላ ካገኘህ ስበረው።»

«አባባ፣ እርስዎም ከወጡ ወረፋዎ ይሄዳል።»

የኔነሽ የባሏን ዱላ ጭቃው ውስጥ ወጋችው፣ ሽቦውን ሳትነካ ዞረች፣ ከሰልፉ ወጣች። መዝጋቢው ከኋላዋ ወረፋሽ ሄደ ብሎ ጮኸ።

«ይሂድ» አለች። «ዛፍ ሥር የሚሆነውን አይቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ዱላ ሲተከል ብቻ ነው የሰማሁት። ጌታሁን ሚኒባሱን ከዛፉ አርቆ ሜዳው ላይ አቁሞ በሩን ከፈተ፤ ሽማግሌዎችና ልጅ ያዘሉ ገቡ። መስኮት ዝጉ፣ ብረቱን አትንኩ እያለ ያስቀምጣል። የቀሩት ወደ ትምህርት ቤቱ የብሎክ ክፍሎች ሮጡ። አንዱ ሜዳው ላይ ሊተኛ ሲል ክንዱን ይዤ ጎተትኩት፤ መሬት ላይ መዘርጋት አያድንም።

8፡05

በብልጭታውና በድምፁ መካከል የሚቆጠር ነገር አልነበረም። ጆሮዬ ደነቆረ። ከትምህርት ቤቱ ክፍል መስኮት ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ፦ ባሕር ዛፉ ከጫፉ እስከ ሥሩ ተልጧል፤ ነጭ ሆኗል። ሽቦው ከግንዱ ላይ ተበጥሶ ወድቋል። ስንጥር እንጨት በዱላዎቹ መካከል ተበትኗል። ከዱላዎቹ ጥቂቱ ወድቀዋል፤ የቀሩት ቆመዋል። መዝጋቢው በኋላ፣ ከሚደገፈው መስኮት ሸሽቶ ከመጋዘኑ ጥግ ተቀምጦ ተገኘ፤ ጉዳት አልደረሰበትም።

9፡00

ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት አስጠበቅኳቸው። አጉረመረሙ፤ ጠበቁ።

ስንመለስ መዝጋቢው ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። የመጀመሪያ ቃሉ ግን ይህ ነበር፦ «ሰልፉ ፈርሷል። እንደ አዲስ ተሰለፉ።»

ሰዉ ግን እያንዳንዱ ከዱላው ኋላ ሄዶ ቆመ። የወደቁትን አንሥተው ለባለቤቱ ሰጡ። ባለቤት የሌለው አንድም ዱላ አልተገኘም፤ እኔም ቆጥሬ አረጋገጥኩ። መዝጋቢው የተላጠውን ዛፍ አየ፣ ሰዉን አየ፣ ቁጭ አለና መዝገቡን ገለጠ።

የኔነሽ ተራ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። «በአካል ተገኝቷል» የሚል አምድ አለ።

«ጻፈው» አለችው። «በአካል ነው የቆምኩት። ወረፋህን ብጠብቅ ኖሮ ሬሳ ነበር የምትጽፈው።»

ምልክቱን አደረገ።

10፡30፣ የመልስ መንገድ

ሁለት ኩንታል በአህያ ጭና ስትሄድ አለፍናት። ዱላውን ከፍ አድርጋ ሰላም አለችን። መደሰት ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። አንድ ቁልፍ ሊያደርገው የሚችለውን ሥራ አንዲት የተጎዳች ሴት ወረፋዋን ትታ ሠራችው። ቁልፉ አሁንም እዚያው መዝጋቢው ኪስ ውስጥ ነው።

ከአስፋልቱ ልንደርስ ስንል ሌላ መጋዘን፣ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ባሕር ዛፍ። ከበላዩ ደመናው እንደገና እየጠቆረ ነው። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ጌታሁን ሳልነግረው መኪናውን ወደ ዳር አወጣና ከዛፉ አርቆ አቆመው።