ውሎ ገብ አበባ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሐያት ከስልኳ ላይ አንድ ክርክር አነበበችልኝ። አበባ የሚያለሙ ሰዎች በአንድ ተክል ስም ተያይዘዋል። አንዱ «ይሄ ሊሊ አይደለም» ይላል፤ ሌላው «ማን ነገረህ?» ይለዋል። «አባዬ፣ ሰው በአበባ ስም ይጣላል?» ብላ ሳቀች። እኔን ግን ክርክሩ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ወሰደኝ፣ ወደ ተሾመና አረጋሽ ጣሪያ።

ያኔ ሴት ልጆቻችን ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚጎርፉበት ዘመን ነበር። እኔ ጅዳ ለአንድ ችግኝ ሻጭ መኪና እነዳለሁ። ተሾመ የአንድ ቪላ ዘበኛና አትክልተኛ ነው፤ ሚስቱ አረጋሽ ሰው ቤት ምግብ ታበስላለች። ባልና ሚስቱ የተከራዩት ቤት ጣሪያ ላይ፣ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ያልተከሉት ነገር አልነበረም። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ፉልና ትኩስ ታሚስ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ። የባሕሩ ወበቅ ሸሚዛችንን ከጀርባችን ያጣብቀዋል፤ እኛ ግን ስለ ተክል ስንጨዋወት አይታወቀንም።

በሐምሌ ፀሐይ፣ መካ ሩሰይፋ ሰፈር የምትሠራው ያገሬ ልጅ ዘይነባ ደወለችልኝ። 

«ሰይድ ወንድሜ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ማዳም ውጭ አገር ስትሄድ በየማሰሮው የተከለችውን አበባ አደራ ሰጥታኝ ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ደርቆ ካገኘችው ኸላስ፣ አበቃ፣ አገርሽ ግቢ ብላኛለች።»

እዚያው መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ያለ አንድ አበባ ሻጭ ደግሞ መክሯታል። ይሄ ዘንበቅ፣ ማለትም ሊሊ ነው፣ ዘንበቅ ሥሩ እንደ ሽንኩርት ነው፣ ነቅለሽ ጥላ ላይ አድርቂውና ሲበርድ መልሰሽ ትከዪው ብሏታል።

«ልንቀለው?»

«እስክደውልልሽ እንዳትነኪው። ጥላ ውስጥ አስገቢው፣ ማታ ማታ ውሃ አጠጪው» አልኳት።

ጁምዓ ነገሩን ጣሪያው ላይ አወጣሁት።

«ሰውየው ልክ ነው» አለች አረጋሽ። «እኔ የማዳሜን ዘንበቅ ነቅዬ አላደረቅሁም? ሲበርድ አላበበም?»

«ያ ዘንበቅ ነበር» አለ ተሾመ። «የዘይነባ ዘንበቅ ስለመሆኑ ማን ነገረሽ?»

«ሻጩ ነዋ!»

«ሻጭማ ጡሩምባ የመሰለውን አበባ ሁሉ ዘንበቅ ይላል። እስቲ ደውላችሁ ጠይቋት፣ አበባው ስንት ቀን ይቆያል?»

ደወልን። «ጠዋት ይፈካል፣ ማታ ይከስማል፤ በማግስቱ ሌላው ይተካል» አለች ዘይነባ።

«የኔውስ ሳምንት ይቆይ ነበር» አለች አረጋሽ ዝቅ ባለ ድምፅ። ወዲያው ግን ባሏ ላይ ዞረች። «ቢሆንስ? አንተ ሥሩን አይተኸዋል?»

ተሾመ ታሚሱን አስቀመጠ። «አላየሁም» አለ።

ተሾመ ክርስቲያን ስለሆነ መካ አይገባም። ስለዚህ ለመካ ደንበኛ ችግኝ ባደረስኩበት ቀን ከዘይነባ አንዱን ማሰሮ ተቀበልኩ። ማሰሮውን ይዛ አልለቅ አለች።

«ወላሂ ይሄ ከሞተ…»

«ይሙት አይሙት አላውቅም፣ እህቴ። ሁሉንም ከምትነቅዪ ግን አንዱን እንየው።»

ጣሪያው ላይ አፈሩን አራገፍነው። ሽንኩርት የሚባል የለም። ያለው ወፋፍራም ሥር ነው፤ አንዳንዱ መሐሉ አብጦ ትንሽዬ ስኳር ድንች ይመስላል።

«ይኸውልሽ!» አለ ተሾመ።

«አትቸኩል። ደርቆ መትረፍ እንደማይችል በምን አወቅህ?»

እንዲህ ሲባባሉ ተክሉን ለሁለት ከፈሉት። የአረጋሽ ግማሽ ጥላ ላይ እንዲደርቅ ተሰቀለ፤ የተሾመ ግማሽ ቆርቆሮ ውስጥ ተተክሎ ውሃ ጠጣ። በየጁምዓው ስመጣ መጀመሪያ የምንሄደው ወደዚያው ነበር። ሰንበትበት ሲል የሷ እንደ ጭድ ተጨማደደ፤ የሱ አረንጓዴ ጫፍ አወጣ።

ስልኩን አንሳና ለዘይነባ ደውል ያለችኝ ራሷ አረጋሽ ናት። «አረጋሽ ተሳስታለች በላት። እንዳትነቅለው። የኔን ዘንበቅ ማድረቄ ግን ልክ ነበር፣ ይሄ ሌላ ነው!» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ስሙም ውሎ ገብ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባላ» አለች። ተሾመ እስኪያስለው ሳቀ።

የተሾመን ግማሽ ለዘይነባ መለስኩላት። ማዳሟ ስትመጣ ቅጠሉን አረንጓዴ አገኘችው። ብርዱ መጥቶ ሲያልፍ ደግሞ ዘይነባ በጠዋት ደወለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ፈካ! ማዳም ወንበር አስወጥታ አጠገቡ ተቀምጣለች!» ተሾመ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ቀለሙ ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ አስነገራት። ዘይነባም እዚያው ቤት ቆይታ፣ በቃኝ ባለች ጊዜ በገዛ ፈቃዷ አገሯ ገባች።

ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ላይ የተጻፈው ሹፌር፣ ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛ የሚል ነበር። እሱም እውነት ነው። ግን የአንዲት ልጅ እንጀራ በእኛ ቃል ላይ በተንጠለጠለበት ቀን፣ በሰማነው ብቻ አልፈረድንም። ያላየነውን አላየንም አልን፣ የተሳሳተችውም ተሳሳትኩ አለች። ብዙ ነገር ሠርቼ ኖሬአለሁ፤ በዚያ ጣሪያ ላይ ከነዚያ ሰዎች ጋር መቀመጤን ያህል የሚያኮራኝ ግን ጥቂት ነው።

ሐያት ስልኳን ልትዘጋ ስትል «ተይው፣ አንብቢልኝ» አልኳት። ከዚያ ሁሉ ተከራካሪ ኋላ፣ ማሰሮዋን ታቅፋ መልስ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ትኖር ይሆናል።