ከብሩክ ከረጢት የወሰድኳት ጥይት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ «ሰው አስቀይሜአለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት። አስቀይሜአለሁ! ሰው የሚያስቀይመው ሠርግ ሳይጠራ ሲቀር ነው። እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው።

የአክስቴ ልጅ ብሩክና እኔ አሜሪካ፣ ኖርክሮስ የምትባል ከተማ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው ያደግነው። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። ካደግን በኋላ የጥንት የሜዲትራኒያን መርከብ የሚወዱ ሰዎች ማኅበር ገባን። ማኅበሩ በመቅዘፊያ የሚሄድ የጦር መርከብ አሳንሶ ሠርቶ ሐይቅ ላይ ያንሳፍፍ ነበር። የብሩክ እጮኛ ሄለን ትቀዝፋለች፤ ወንጭፈኞቹ እኔና እሱ ከፊት ጫፍ ቆመን የደረቀ የጭቃ ጥይት ወደ ውሃው እንወረውራለን። የጥንቶቹ በጥይታቸው ላይ ለጠላት መልእክት ይጽፉ ስለነበር፣ ብሩክም በእያንዳንዷ ላይ «እንካ» ብሎ ይጽፍ ነበር። እኔ ለዚያ ትዕግሥት የለኝም።

አንድ ቅዳሜ ጥይቴ አለቀ። ሳልጠይቅ ከብሩክ ከረጢት አንዷን አነሳሁ። «ወርውሩ» እስኪባልም አልጠበቅኩም፤ ሁልጊዜ ከእኔ አርቆ ስለሚወረውር ልቀድመው ፈለግኩ። ወንጭፉን ሳሽከረክር ጫፉ ያለ ጊዜው ከእጄ አመለጠ፤ ጥይቷ ወደ ኋላ ሄዳ የሄለንን ግራ ጆሮ መታች። ቀዛፊ ጀርባውን ለመርከቡ ፊት ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ከብሩክ በቀር ማን እንደወረወረ ያየ አልነበረም። እግሯ ሥር የተገኘው ስባሪ ላይ ግን በብሩክ የእጅ ጽሑፍ «እንካ» ይላል።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ አልወረወርኩም! ኤሊ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ንገራቸው» አለኝ፣ በቤት ስሜ ጠርቶ።

ዝም ብቻ ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን «በሰው አታሳብብ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

የሄለን ግራ ጆሮ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። እኔና ብሩክም ተጣላን። ሊልበርን፣ አክስቴ ቤት፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሽ ተሾመ፣ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ማን ወረወረ ብለው አልጠየቁም። «ያለፈውን አንቆፍርም። ታናሹ አንተ ነህ ልጄ፤ ተነስና የወንድምህን ጉልበት ሳም» አሉት። ብሩክ እናቱ ስታለቅስ አየና ተነሳ። እኛ ዘንድ ታናሽ የሚነሳው አጥፍቶ ሳይሆን ታናሽ ስለሆነ ነው። ጉልበቴን ሳመ። እኔም፣ እኔው፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት! ቀና ሲል ዓይኑ ላይ ንዴት አይቼ ቢሆን እችለው ነበር። ያየሁት ግን ልጅነቱን ሙሉ ሲያምነኝ የኖረ ሰው እምነቱን ሲጨርስ ነው። ከድቼዋለሁ፤ እሱም አውቆታል።

ከሽምግልናው በኋላ ሄለንን ደንዉዲ ወዳለው ቤቷ የመለስኳት እኔ ነበርኩ። እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሽምግልና ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። መኪና ውስጥ «ኤሊ፣ ቢ ኦነስት፤ ያላጠፋ ሰው ጉልበት ይስማል?» ብላ ጠየቀችኝ። ልማዳችን እንደሆነ ማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። «አይስምም» አልኳት።

«መምታቱን ፎርጊቭ አደርገው ነበር» አለችኝ እያለቀሰች፤ «መዋሸቱን ግን አልችልም።»

በማግስቱ ቀለበቱን መለሰችለት። ብሩክ ሌላ ስቴት ገባ፤ ስልኬን አያነሳም። ለምን ያንሳ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሄለን አጠገብ ቆምኩ፤ ዛሬም ወንድሜ ነው ብላ ነው የምትቆጥረኝ። «የወረወርኩት እኔ ነኝ» አልኳት፣ ቀስ ብዬ፣ በማይሰማው ጆሮዋ በኩል። ዞር አለችና «ምን አልከኝ?» አለች። «ምንም» አልኳት።

እንግዲህ ሰምታችኋል። ይቅር እንድትሉኝ አልለምንም። ይቅርታ ሳይገባው የተቀበለ ሰው ነኝና አትቸኩሉልኝ፤ መጀመሪያ በቀኟ በኩል ልቁም።