ታፔላ የሌለው ተክል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ሳታውቀው አርፋለች፤ የነፍስ አባቴም ሌላውን በደሌን ሁሉ ሲሰሙ ይህን አልሰሙም። አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ።

እኔ የጎረቤቴን ተክል ገድያለሁ። በስሕተት አይደለም።

ወይዘሮ አስካለ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው። በረንዳቸው ላይ ሟቹ ባለቤታቸው በቀለም ጣሳ የተከሉት አንድ ተክል ነበረ፤ ውኃውን በወፍራም ቅጠሎቹ ከሚያጠራቅመው ወገን። ቅጠሎቹ እንደ ጽጌረዳ የተደራረቡ፣ ግራጫ ላይ ሐምራዊ ጣል ያለባቸው ሲሆኑ፣ ዱቄት የመሰለ ስስ ነጭ ሽፋን ለብሰው ነበር። ያ ሽፋን አንዴ በጣት ከተነካ በዚያው ቅጠል ላይ ተመልሶ አይወጣም። ዕፅዋትን በዩኒቨርሲቲ ተምሬ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን በእጄ አልነበረም።

አንድ ቅጠል ለመንኋቸው። ይህ ወገን ከተቀነጠሰ ቅጠል ሥር አውጥቶ ራሱን ስለሚተካ ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም ነበር። እሳቸው ሳቁ።

«ለእርስዎማ አልሰጥም፣ መምህር! ወስደው ታፔላ ሊተክሉበት? ግቢዎ እኮ ቀበሌ መስሏል።»

ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱ በእጁ የተከለው ነው፤ ሲቀነጠስ ማየት አልችልም» አሉኝ።

ሁለተኛውን መስማት ይገባኝ ነበር። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው። እርግጥ ነው፣ በእያንዳንዱ ተክሌ ሥር ስሙንና ከማን እንዳገኘሁት የጻፍሁበት ትንሽ ቆርቆሮ ይቆማል፤ የሙያዬ ሥርዓት ነው። በዚህ መቀለድ ይህን ያህል ያስቆጣል? እኔን አስቆጣኝ።

በነሐሴ ለፍልሰታ ሱባኤ ሲገቡ የግቢያቸውን ቁልፍ ለእኔ ተዉ። «ያን ነገር አደራ፣ ውኃ እንዳያሳዩት» አሉኝ። ጣሳው ከሥሩ ቀዳዳ ስላልነበረው እሳቸው የሚያጠጡት በሻይ ማንኪያ ነበር።

በሄዱበት ዕለት አንድ ቅጠል ቀነጠስሁ። እዚያ ላይ ቆሜ ቢሆን ሌባ ብቻ በሆንሁ ነበር። አልቆምሁም። ጣሳውን አንስቼ ከበረንዳው ወደ ዝናቡ አወጣሁት። ለምን? በሰፈሩ ያለው የእኔ ብቻ እንዲሆን። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ጣሳው ሞላ። የታችኞቹ ቅጠሎች እንደ ረጠበ ወረቀት ብርሃን አሳለፉ፣ ከዚያም ረገፉ፤ ግንዱ ጠቆረ። በየጠዋቱ ዣንጥላ ይዤ ሄጄ አየሁ። ማዳን የሚቻልበት ጊዜ ነበር፤ መቼ እንደሚያልፍም አውቅ ነበር። አሳለፍሁት። ጾሙ ሊፈታ ሲል ውኃውን ደፍቼ ጣሳውን ወደ ቦታው መለስሁ።

ወይዘሮ አስካለ መጥተው ጣሳው ፊት ቁጢጥ አሉ።

«ልሄድ ስል ትንሽ ጨምሬለት ነበር... እኔ ነኝ፣ አይደል መምህር?»

«ውኃ በዝቶበት ነው» አልኋቸው።

ሐሰት የሌለበት ዐረፍተ ነገር ነው፤ በሙያው ማንም አይከራከረኝም። ተክሉን ከመግደሌ ይልቅ ይህ ይከፋል፤ ገዳይነቱን እሳቸውን አሸከምኋቸው። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዓመታት በዚያ በረንዳ ላይ ምንም አልተተከለም። ሰው ችግኝ ሲሰጣቸው፣ «የኔ እጅ ያደርቃል» እያሉ ይመልሳሉ። ይህን ስንት ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ?

የሰረቅሁት ቅጠል በመስኮቴ ሥር ባለው መደብ ላይ፣ በማሰሮ አድጎ ራሱን ተካ። በግቢዬ ታፔላ የሌለው ተክል እሱ ብቻ ነው። ከማን አገኘሁት ብዬ ልጻፍ?

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ አስካለ ሊጠይቁኝ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል። በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ እጃቸው ቅጠሉን ነካና ቆሙ፤ በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«የእሱን ይመስላል» አሉ። ገብተው ተቀመጡ። እኔም ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ።

ነጩ ሽፋን ላይ የጣታቸው ምልክት አለ። አይጠፋም።

ዛሬ ቆርቆሮ ቆርጬ ጻፍሁበት፦ «ከወይዘሮ አስካለ በረንዳ የተሰረቀ። እናት ተክሉን ዝናብ ላይ አውጥቶ የገደለው ሌባው ነው።» ነገ ከነተክሉ እወስድላቸዋለሁ። ይቅርታ አስቀድሜ አልለምንም፤ ያላወቁትን በደል ይቅር እንዲሉኝ መጠየቅ ሌላ ስርቆት ነው። ዓይናቸው ደግሞ ጽሑፍ አያነብም። ቃል በቃል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የማነብላቸው እኔው ነኝ።